ከጀሞ እስከ ለቡ፦ መጀመሪያ በእግር፣ ከዚያ በብስክሌት

ብስክሌት ልገዛ ነው ስል መጀመሪያ የሳቀብኝ ጎረቤቴ ነው። «በዚህ ዕድሜህ? እሱኮ የልጅ ጨዋታ ነው» አለኝ። ባህር ዳር ወይ ሐዋሳ ቢሆን ዞር ብሎ የሚያየኝም የለም። እዚያ አስተማሪውም ነጋዴውም በብስክሌት ወጥቶ በብስክሌት ይገባል። አዲስ አበባ ላይ ግን ብስክሌት ወይ የልጅ ነው፣ ወይ በቡድን ሆነው የሚከንፉ ስፖርተኞች ነው። እኔ ከሁለቱም አይደለሁም። አርባን የተሻገርኩ፣ ቀኑን ሙሉ ቢሮ ተቀምጬ የምውል፣ ሐኪም «ተንቀሳቀስ እንጂ» ያለኝ የጀሞ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ነኝ።

ለጎረቤቴ መልስ አላጣሁም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትሄድ፣ በ1949 ዓ.ም ሜልቦርን ላይ፣ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም እንደነበሩ ነገርኩት። ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ መሆኑንም ጨመርኩለት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እነሱ ጀሞ ላይ አልነዱማ!»

እዚህ ላይ እውነቱን ነው። ጀሞ የከተማዋ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ነው። በአንድ በኩል የወጨጫና የፉሪ ተራሮች ይታያሉ፤ በሌላው በኩል ታክሲ፣ ባጃጅ፣ አውቶቡስና ሲኖ ትራክ እየተጋፋ ወደ መሀል ከተማ ይጎርፋል። ደግነቱ ከጀሞ ወደ ለቡ በሚወስደው ጎዳና ዳር ለብስክሌት የተለየ መስመር አለ። የኮሪደር ልማቱ በ2016 ዓ.ም ሳይጀመር በፊት የተሠራ ነው። ስሙ የብስክሌት ይሁን እንጂ የማይጠቀምበት የለም። እግረኛው ይሄድበታል፣ ሯጩ ይሮጥበታል፣ ጋሪ የሚገፋው ልጅ ይገፋበታል። በቆሎ እሸት የምትጠብሰው ሴትዮ ምድጃዋን እዚያው ታስቀምጣለች። የበዓል ሰሞን ደግሞ በግ ይነዳበታል። በዚህ የሚናደዱ ብስክሌተኞች አሉ። እኔ አልናደድም። በዚህ ከተማ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላዩ በእግር ነው። ደህና መንገድ ተገኝቶ እግረኛ ባይገባበት ነበር የሚገርመኝ።

ስለዚህ ብስክሌቱን ከመግዛቴ በፊት መስመሩን በእግሬ ማጥናት ያዝኩ። ባለቤቴም አብራኝ ወጣች። አንድ ቀን ንጋት 12 ሰዓት ላይ፣ ሌላ ቀን 1 ሰዓት ተኩል ላይ፣ አንዳንዴ ከሥራ መልስ 11 ሰዓት ላይ፣ እሁድ ደግሞ ቅዳሴ ሲያልቅ። ሰዓቱ ሲቀየር መንገዱም ይቀየራል። ንጋት ላይ ሯጭና ውሻ ነው። 1 ሰዓት ተኩል ላይ ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች፣ የታክሲ ሰልፍና ሰዓት የረፈደበት ሠራተኛ ነው። 11 ሰዓት ላይ ጉሊቱ ይዘረጋል። እሁድ ጠዋት ነጠላ የለበሱ እናቶች አራትም አምስትም ሆነው፣ ጎን ለጎን እያወጉ፣ መስመሩን ከዳር እስከ ዳር ሞልተው ይመለሳሉ።

በእግር ሳለሁ ካየሁት ሁሉ ኋላ ላይ የጠቀመኝ የታክሲው ነገር ነው። የሚኒባስ በር በቀኝ ነው። መስመሩም በቀኝ ነው። አንዱ «ወራጅ አለ!» ሲል ሹፌሩ ጥግ ይይዛል፣ መኪናው በቅጡ ሳይቆም በሩ ይከፈታል፣ ረዳቱ ይዘላል፣ ተሳፋሪው ይከተለዋል። ብዙውን ጊዜ እግራቸው የሚያርፈው መስመሩ ላይ ነው። ወደ ኋላ የሚያይ የለም። ምን አስቦ ይየው? በዚያ በኩል መኪና አይመጣበትም። ግን ምልክቱ ከበሩ ቀድሞ ይመጣል። ረዳቱ በመስኮት እጁን ያወጣና ቆርቆሮውን ደብደብ ያደርገዋል። አሁን ያቺን ድምፅ ከሰማሁ ጣቶቼ ፍሬኑ ላይ ናቸው። በብስክሌት ላይ ሆኜ ቢሆን ይህን ለመስማትም ለማየትም ፋታ አላገኝም ነበር።

ጉድጓዱንም ያጠናሁት በእግሬ ነው። ክዳኑ የተነሳ የፍሳሽ ጉድጓድ በደረቅ ቀን ከሩቅ ይታያል። ዝናብ ሲሞላው ግን እንደማንኛውም ኩሬ ነው። የቱ ኩሬ ጥልቅ እንደሆነ የሚያውቀው በበጋ ያየው ሰው ብቻ ነው። እኔ በሱቅ ስም ነው የያዝኳቸው። ፋርማሲው ፊት ለፊት አንድ፣ ጋራዡ በር ላይ አንድ፣ ቆርቆሮ የታጠረው ግንባታ ጋ አንድ።

ግዢው ላይ ብዙ አልቆይም። መርካቶ ወርጄ ያገለገለ ገዛሁ። ቀለም አላየሁም፤ ብረቱ የተበየደበትን ቦታ በጣቴ እየዳበስኩ ስንጥቅ ፈለግኩ። ቸርኬውን ከመሬት አንስቼ አሽከረከርኩት፤ ወዲያ ወዲህ የሚል ከሆነ ፍሬን ሲይዝ ያስቸግራል። ጎማው ሰፋ ያለ እንዲሆን ፈለግኩ፤ ቀጭኑ ለሰፈራችን ጠጠር አይሆንም። አንድ ትንሽ ነገር ግን ልብ በሉ። አየር የሚሞላባት አፍ በብዛት ሁለት ዓይነት ናት። አንዷ እንደ መኪናው ወፍራም፣ ሌላዋ ቀጭን። ቀጭኗን ከገዛችሁ ያለ ተጨማሪ መግጠሚያ ሰፈር ያለው ጎሚስታ ሊሞላላችሁ አይችልም።

ጎሚስታውን ካነሳሁ ላይቀር፣ የእኛ ሰፈሩ ደንበኞቹ ኢሱዙና ሚኒባስ ናቸው። ጎማዬ ተንፍሶ ስሄድ ካላማዳሪውን አወጣና ትንሽ ነፋው። ከዚያ አፉ በተቆረጠ ጀሪካን ውኃ ውስጥ ቀስ እያለ አዞረው። ዓይኑ ውኃው ላይ፣ ጆሮው ሬዲዮው ላይ። አንድ ቦታ ላይ ጥቃቅን አረፋ ቡልቅ ቡልቅ አለ። አውራ ጣቱን አሳረፈበት፣ በጨርቅ አደረቀ፣ በእስክሪብቶ ከበበ፣ ሞርዶ ለጠፈው። እስከዚህ እጁ ይባረክ። አየር ሲሞላ ግን ዓይናችሁን አትንቀሉ። ኮምፕሬሰሩ ለከባድ መኪና ጎማ የተዘጋጀ ስለሆነ የብስክሌትን ላስቲክ በቅጽበት ሞልቶ ያፈነዳዋል። የሚችለው ከፍተኛ የአየር መጠን ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። አንብቡለት፤ መለኪያውን አውጥቶ በጥቂት በጥቂቱ ይሞላዋል። እኔ አሁን የራሴ የእጅ ፖምፓ አለኝ።

ማደሪያውም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። አራተኛ ፎቅ ነኝ፤ አሳንሰር የሚባል የለም። ማታ ማታ በትከሻዬ ይዤው ስወጣ የደረጃው ልጆች ያጅቡኛል። ከሐኪሙ ምክር ግማሹን የምፈጽመው እዚያው ደረጃ ላይ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ባለቤቴ መራመድ እንጂ መንዳት አትወድም ነበር፤ እኔ ደግሞ ብቻዬን መውጣት አልፈለግኩም። ያገኘነው ዘዴ ቀላል ነው። እሷ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ትራመዳለች። እኔ ሳልቸኩል 15 እነዳለሁ፤ ሦስት እጥፍ መሆኑ ነው። አብረን ከቤት እንወጣለን፣ እኔ ቀድሜ እሄዳለሁ፣ ተመልሼ አገኛታለሁ፣ ጥቂት አብረን እንሄዳለን፣ እንደገና እቀድማለሁ። ፌርማታ ጋ ወይ ሰው ሲበዛ ወርጄ እየገፋሁ ከጎኗ እሄዳለሁ። መውረድ ነውር የሚመስላቸው ብስክሌተኞች አሉ። ሰው በበዛበት መንገድ ላይ እየተንገዳገዱ መንዳት ነው ለእኔ የሚያስቀው።

ከዚህ አካሄድ ያተረፍኩት ትልቁ ነገር የእሷ ዓይን ነው። ማታ ሻይ ስንጠጣ የዕለቱን ብስክሌተኞች ትዘረዝራለች። ያ ከኋላ መጥቶ ክርኗን ሊነካ ምንም ያልቀረው። ያ ጆሮዋ ሥር ደወሉን ያንጫረረው። ስለ ደወሉ ያለችኝን በዓይኔ አረጋገጥኩ። ከሰዎች ቡድን ኋላ ቀርባችሁ ድንገት ብትደውሉ እኩሌታው ወደ ግራ፣ እኩሌታው ወደ ቀኝ ይዘላል፤ አንዷ ደግሞ መሀል ላይ ደርቃ ትቀራለች። ስለዚህ ከሩቅ፣ ገና ብዙ እርምጃ ሲቀረኝ፣ አንዴ ብቻ ቀስ አድርጌ እደውላለሁ። ስቀርብ ደወሉን እተውና ሰላምታ እሰጣለሁ። «እንደምን አደራችሁ እናቶቼ፣ በግራ በኩል ልለፍ» ስል የሚደነግጥ የለም። ሰላምታ የሰማ አበሻ መልስ ሳይሰጥ አያልፍም፤ መልስ እየሰጠ ደግሞ መንገድ ይለቃል። አንድ ከዘራ የያዙ አባት አሉ፣ ዘወትር ጠዋት የማገኛቸው። አሁን ድምፄን ለይተውታል። ዞር እንኳ ሳይሉ «እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ» ይሉና ከዘራቸውን ወደ ቀኝ እጃቸው አዛውረው ጥግ ይይዛሉ። ከዘራው እስኪዞር ነው እንግዲህ የምጠብቀው።

ፍጥነትን በተመለከተ ሒሳቡ ቀላል ነው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ስትነዱ በአንድ ሰከንድ 5 ሜትር ተኩል ትሄዳላችሁ። ልጅ ኳሱን ተከትሎ ቢገባ፣ ዓይን አይቶ ጣት ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ቢፈጅ፣ ገና ፍሬን ሳይያዝ ያን ያህል አልፋችኋል። በ10 ኪሎ ሜትር ቢሆን 3 ሜትር አይሞላም። ስለዚህ ትምህርት ቤት አካባቢና ጉሊት ዳር ከሩጫ አልበልጥም። ስታልፉም ቢያንስ የክንድ ርዝመት ያህል ራቁ።

እግረኛውም ነፃ አይደለም፤ ይህን ባለቤቴም ታምናለች። ሁለት ሆኖ መሄድ ይበቃል፣ አምስት ሆኖ ከዳር እስከ ዳር መዘርጋት ግን ይከብዳል። ሕፃን ልጅ በጥግ በኩል ይያዝ። የጆሮ ማዳመጫ የግድ ካስፈለገ አንዱ ጆሮ ክፍት ይሁን።

ውሻ። ንጋት ላይ ዋናው እሱ ነው። በፍጥነት ማምለጥ ያባብሰዋል፤ የሚሮጥ ነገር ሲያይ ማሳደድ ልማዱ ነው። እኔ እቆማለሁ፣ እወርዳለሁ፣ ብስክሌቱን በእኔና በእሱ መሀል አድርጌ ቀስ ብዬ እራመዳለሁ። አብዛኛው ወዲያው ይሰለቸዋል። ድንገት ከነከሰ ግን «ቀላል ነው» ብሎ ነገር የለም። ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ቀጥታ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። ጎህ ሳይቀድ ደግሞ አልወጣም። ዳር ላይ ነን፣ ጅቡ ሥራውን ጨርሶ ይግባ።

መንዳት ለረሳ ሰው ጀሞ መጀመሪያ አይመከርም። በኅዳር 2011 ዓ.ም የተጀመረው «መንገድ ለሰው»፣ ማለትም ጎዳና ለመኪና ተዘግቶ ሕዝቡ የሚወጣበት እሁድ፣ ለመለማመድ የሚመች ነው። በ2013 ዓ.ም የተከፈተው እንጦጦ ፓርክም የብስክሌት መንገድ አለው፤ አየሩም ንጹሕ ነው። ግን ዳገቱ አያታልላችሁ። አዲስ አበባ ራሷ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። የእንጦጦ ጫፍ ወደ 3,200 ይጠጋል። እዚያ ማርሹን ቀላል ላይ አድርጎ ማዝገም እንጂ ጉልበት ማሳየት አያዋጣም።

ክረምት ሲገባ ብዙው ሰው ብስክሌቱን ይሰቅላል። እኔ ሰዓቴን ወደ ጠዋት አመጣሁት እንጂ አልተውኩትም። ዝናቡና በረዶው የሚያይለው ብዙ ጊዜ ከሰዓት ነው። ቸርኬውን የሚቆነጥጥ ፍሬን ሲርስ ቶሎ ስለማይዝ ቀደም ብዬ እጀምራለሁ። መንገድ ላይ የተቀባ ነጭ መስመርም ሲርስ ያንሸራትታል፤ እሱ ላይ አልታጠፍም። ፓራፋንጎ ያልገጠመ ደግሞ ጀርባው ላይ ጭቃ ተሸክሞ ነው ቢሮ የሚደርሰው።

ሰሞኑን ባለቤቴ «እኔስ?» ማለት ጀምራለች። ቀሚስ ለብሳ በቀላሉ የምትወጣበት፣ የመሀሉ ብረት ዝቅ ያለ፣ ፊት ለፊቱ ዘንቢል የሚይዝ ያገለገለ ብስክሌት እየፈለግን ነው። መርካቶ ያየናቸው ሁሉ ወይ ቁመታቸው ለእሷ አይሆንም ወይ ዋጋቸው አይቀመስም። የአየር መሙያዋ አፍ ወፍራሟ ከሆነች ትንሽ ብንጨምርም ግድ የለንም።