«ማታ ወደ ቤቱ ይመለሳል» ሲሉኝ

«ጻፊው እታለም። ስሜን ብቻ ተይው።» ታናሽ ወንድሜ እንዲህ ባይለኝ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እኔ አዛውንቶች በሚጦሩበት ቤት ነርስ ረዳት ነኝ። እሱ ዲሲ ውስጥ መኪና ማቆሚያ ጋራዥ ይሠራል። አሜሪካ ከመጣ ስድስት ዓመቱ ነው። መጀመሪያ ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር የሚጠጣው። ቀጥሎ ከሥራ ሲወጣ። በኋላ ጠዋት እጁ ሲንቀጠቀጥ «ማስታገሻ» እያለ መቅመስ ጀመረ። በእኛ ካውንቲ ውስኪና ቮድካ የሚሸጡት በአብዛኛው የካውንቲው መንግሥት ሱቆች ናቸው። እሱ ግን ባቡሩ እኛ ጋ ከመድረሱ አንድ ፌርማታ ቀድሞ፣ ታኮማ ላይ ይወርዳል። ታኮማ ጣቢያ ገና ዲሲ ነው። ገዝቶ፣ ቀምሶ፣ ቀጣዩን ባቡር ይይዛል። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። ለካ ባቡሩ አልነበረም የሚዘገየው።

እናታችን ደብረ ብርሃን ናት። በስልክ ድምፁን ሰምታ ታውቀዋለች። «ሸንኩራ ዮሐንስ ይሂድና ይጠመቅ» ትላለች። እዚህ ደግሞ የንስሐ አባታችን ዘንድ ሄዶ ከመጠጥ ተገዝቶ ነበር። አርባ ቀን እንኳ አልሞላውም፤ ግዝቱን አፈረሰ። ከዚያ ወዲያ ቤተ ክርስቲያን መሄድም ተወ። «በምን ፊቴ?» ይለኛል። መጠጡ አንድ ሸክም፣ የፈረሰው ግዝት ሌላ ሸክም ሆነበት። ሁለቱንም ይዞ እንደገና ይጠጣል።

አንድ ቀን በራሱ ጊዜ ድርግም አድርጎ ተወው። እኔ ደስ ብሎኝ አጥሚት ሠራሁለት። በሁለተኛው ሌሊት ኩሽና ውስጥ ወደቀ። ሰውነቱ ተንዘፈዘፈ፣ አረፋ ደፈቀ። አምቡላንስ ጠራሁ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ለረጅም ጊዜ በብዛት የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ሰውነቱ ይታወካል። መንቀጥቀጡና ላቡ በሰዓታት ውስጥ ይጀምራል። የሚጥለው ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ነው። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ትኩሳት ሊመጣ ይችላል። ይህ ይገድላል። ስለዚህ «ጎሽ፣ ተወው» ብላችሁ በር ዘግታችሁ ብቻውን አታስተኙት። መጀመሪያ ሐኪም ይየው።

ድንገተኛ ክፍል ደረስን። ነርሷ «በቀን ምን ያህል ይጠጣል?» አለች። ወንድሜ ለሥራው የሚበቃ እንግሊዝኛ አለው፤ በዚያ ሰዓት ግን ምላሱ አልታዘዝ አለው። በአማርኛ «አንድ ጠርሙስ» አለኝ። እኔ ወደ ነርሷ ዞሬ «ቅዳሜና እሁድ፣ ትንሽ ትንሽ» ብዬ ተረጎምኩ። እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ ይህ ነው። ሕመምተኛ እየረዳሁ እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝ። ግን አፈርኩ። ነጭ ነርስ ፊት ወንድሜን ሰካራም ማለት አቃተኝ።

ነርሷ እኔን አየችኝ፣ እሱን አየችው። ምንም ሳትል ወጣችና ስልክ ይዛ ተመለሰች። ከስልኩ ውስጥ አንድ ሰውዬ በጥርት ያለ አማርኛ ሰላምታ ሰጠ፤ ስሙን ሳይናገር መለያ ቁጥሩን ተናገረ። እኔን ውጪ እንድጠብቅ ጠየቁኝ። የሚሰጠው መድኃኒት መጠን በሚጠጣው ልክ እንደሚወሰን በኋላ ነው የነገሩኝ። ውሸቴ ወንድሜን ሊያሳጣኝ ይችል ነበር።

አስተርጓሚ መጠየቅ መብት ነው። በፈረንጆቹ 1964 የወጣው የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ሕግ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው አስተርጓሚ በነፃ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። «ሐበሻ አስተርጓሚ ከመጣማ ወሬው ነገ ማኅበር ላይ ነው» የሚል ፍርሃት አለ፤ እኔም ነበረኝ። በስልክ የሚሠሩት ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ ስቴት ናቸው። ማን እንደሆንክ አያውቁህም፣ አንተም አታውቃቸውም።

አምስት ቀን ሆስፒታል ተኛ። የሚያረጋጋ መድኃኒትና ቫይታሚን ቢ1 ሰጡት። በአምስተኛው ቀን ሶሻል ወርከሯ መጣችና «ቀጥሎ የቀን ሕክምና ይገባል። ጠዋት ይሄዳል፣ ማታ ወደ ቤቱ ይመለሳል» አለችኝ።

ተናደድኩ። እንዲያውም አለቀስኩ። እኛ አገር የታመመ ሰው ይተኛል። ተመላላሽ ማለት ቀላል ሕመም ነው፤ ካርድ አውጥተህ ኪኒን ይዘህ የምትሄድበት። እንደ ሰው ወሬ «አማኑኤል ገባ» እንዳይባል ብንፈራም፣ በልባችን ከባድ ነገር ሲመጣ ተቆልፎበት እንዲታከም ነው የምንፈልገው። እኔም ሦስት ወር ዘግተውበት አጥበው እንዲመልሱልኝ ነበር የፈለግሁት። «ቤት ከመለሳችሁት ምኑን አከማችሁት? ታኮማ እኮ እዚያው ናት!» አልኳት።

እሷ በትዕግሥት አስረዳችኝ። የሱስ ሕክምና ደረጃ ደረጃ አለው። ተራው ተመላላሽ በሳምንት ከ9 ሰዓት በታች ነው። ጠንከር ያለው፣ አይኦፒ የሚሉት፣ ከ9 እስከ 19 ሰዓት ነው። የቀን ሕክምናው በሳምንት 20 ሰዓትና ከዚያ በላይ ነው፤ ፒኤችፒ ይሉታል፣ ፓርሻል ሆስፒታላይዜሽን ለማለት። ከዚያ በላይ እየኖሩ የሚታከሙበት ማዕከልና ሆስፒታል አለ። የሚመረጠው ሰውየው በሚያስፈልገው ልክ ነው። የሚጥለው አደጋ ካለፈ፣ ማታ የሚገባበት ሰላም ያለው ቤት ካለ፣ የሚያየው ሰው ካለ፣ ቀን ቀን መታከም ይችላል። ቤቱ ራሱ መጠጥ ቤት የሆነ ወይም የሚያድርበት የሌለው ሰው ግን ሌላ ነገር ያስፈልገዋል። «ቤታችሁ ውስጥ መጠጥ አለ?» አለችኝ። ለበዓል የተቀመጠ ውስኪ ነበር። በዚያው ማታ ማጠቢያው ላይ ደፋሁት።

የቀን ሕክምናውን ጀመረ። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ በአሜሪካ ሰዓት ከጠዋቱ 9 እስከ 3። ሲገባ ትንፋሹን ይለካሉ። አንዳንድ ቀን ሽንት ይሰጣል። ነርስ ደም ግፊቱን ታያለች። በሳምንት አንድ ጊዜ ሐኪም ያየዋል። ናልትሬክሶን የሚባል መድኃኒት አስጀመሩት። በቀን አንድ ኪኒን ነው፤ በወር አንዴ የሚወጋም አለ። የመጠጡን ደስታና አምሮት ይቀንሳል። ሐኪም መጀመሪያ ጉበት ያያል፤ ኦፒየም ነክ የሕመም ማስታገሻ የሚወስድ ሰው ደግሞ አይወስደውም።

አብዛኛው ሰዓት ግን ግሩፕ ነው። አሥር ያህል ሰው ክብ ሠርቶ ይቀመጣል። አስተርጓሚ በታብሌት አጠገቡ ይሆናል። የመጀመሪያውን ሳምንት አንድም ቃል አልተነፈሰም። «የቤቴን ገመና ለማላውቀው ፈረንጅ?» ይለኝ ነበር። ገመና የሚለውን ቃል አስተርጓሚው እንዴት እንደሚያሻግረው እንጃ።

ሊወጡ ሲሉ ሁሉም በየተራ ይጠየቃሉ። ዛሬ ማታ የት ነህ? ከማን ጋር? የሚከብድህ ስንት ሰዓት ላይ ነው? ማን ጋ ትደውላለህ? በነጋታው ጠዋት የመጀመሪያው ጥያቄ «ማታ እንዴት ነበር?» ነው። ለኔ ነገሩ የገባኝ እዚህ ጋ ነው። ወንድሜ ይጠጣ የነበረው ማታ ነው፣ ብቻውን፣ ከሥራ መልስ። ተዘግቶበት ቢታከም ያ ማታ አይመጣም። ከወጣ በኋላ ግን አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም። አሁን በየቀኑ እየመጣ፣ በየጠዋቱ ይታከማል።

በሁለተኛው ሳምንት እናታችን ደወለች። ከዚያ በፊት ዋሽቻት ነበር፤ ጉንፋን ነው ብያት። እሱ ስልኩን ተቀብሎኝ ራሱ ነገራት። ሆስፒታሉን፣ መድኃኒቱን፣ ቀን ቀን የሚሄድበትን። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ማታ ቤትህ ነው የምታድረው?» አለችው። «አዎ እማዬ።» «ከእህትህ ጋር?» «አዎ።» «እሰይ! እሰይ ልጄ!» እኔን ያስለቀሰኝ ነገር እሷን እልል አሰኛት። ሸንኩራንም አልረሳችም፤ ጸበሉን በጀሪካን አስቀድታ በሰው ላከችለት። መድኃኒቱን በእሱ ይውጣል።

በአምስተኛው ሳምንት የዘመድ ልጅ ክርስትና ተጠራን። እኔ እንዳይሄድ ፈልጌ ነበር፤ እሱ «እስከ መቼ እሸሸጋለሁ?» አለ። ያደግንበትን ታውቁታላችሁ። አንድ አጎት ብርጭቆ ይዞ ይመጣል፤ «በሞቴ! አንዲት ብቻ! ደስታችንን ልትካፈል አይደል የመጣኸው?» ወንድሜ አንዷን ጠጣ። ከዚያ አልቆመም። ማታ ደግፌ አስገባሁት።

ሰኞ ጠዋት «ታመሃል ብለን እንደውል» አልኩት። አሁንም ልደብቅ! እሱ ጃኬቱን ለብሶ ሄደ። ያባርሩታል ብዬ ቀኑን ሙሉ ስልኬን ሳይ ዋልኩ። ወደ ማዕከሉም ደወልኩ። «እንዲህ ያለ ሰው እዚህ መኖሩንም አለመኖሩንም ልንነግርሽ አንችልም» አሉኝ። እህቱ ነኝ ብል ወይ ፍንክች። የሱስ ሕክምና መረጃን የሚጠብቅ ከሌላው የሕክምና ምስጢር የጠበቀ የፌዴራል ሕግ አለ፤ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያለ ነው። ታካሚው ፈርሞ ካልፈቀደ ለቤተሰብም ለአሠሪም ትንፍሽ አይሉም። ያን ቀን አናደደኝ። አሁን ግን ሐሜት ፈርቶ ሕክምና የሚሸሽ ወገኔን ሁሉ ጠርቼ ብነግረው ደስ ይለኛል።

አላባረሩትም። ካውንስለሩ «ደግሞ ጠጣ» ብሎ አልተቆጣም፣ «በሞቴ ማለት ምንድነው?» ብሎ ነው የጠየቀው። ወንድሜ ለግሩፑ አስረዳ። የሚወድህ ሰው በራሱ ሞት ሲምልብህ እንዴት እምቢ እንደማይባል ነገራቸው። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ያወራው ያን ቀን ነው። ግሩፕ ውስጥ ያለች አንዲት አሮጊት ጥቁር አሜሪካዊት «የኔም አያት እንዲሁ ነበረች» አለችው።

የቤት ሥራ ይዞ መጣ። በአማርኛ እምቢ ማለት ይለማመዳል። ማታ ሳሎን ቁጭ ብለን ሞከርነው። እኔ አጎት ሆንኩ። «በሞቴ!» እለዋለሁ። «አልጠጣም» አለ፤ ደረቅ ሆነ፣ አጎት ያስቀይማል። «ጾም ላይ ነኝ» አለ፤ ውሸት ነው፣ በዚያ ላይ ፋሲካ ይመጣል። «አቁሜያለሁ» ካለ «ከመቼ ወዲህ?» የሚል ወሬ ይከፍታል። በመጨረሻ «ሐኪም ከልክሎኛል፤ መድኃኒት ላይ ነኝ። ደስታችሁን በቡና እካፈላለሁ» አለ። እውነት ነው። የእኛ ሰው ደግሞ መድኃኒት ሲባል ያከብራል። አሥር ጊዜ ያህል ደገምነው፤ በመጨረሻዎቹ ላይ ድምፁ አይንቀጠቀጥም ነበር።

ስለ ሥራው የሚጠይቁኝ አሉ። አሠሪው 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ካለው፣ ሰውየውም ቢያንስ 12 ወር የቆየና ባለፈው ዓመት 1,250 ሰዓት የሠራ ከሆነ፣ በ1993ቱ የፈቃድ ሕግ እስከ 12 ሳምንት ያለ ደመወዝ ለመታከም ሊወጣ ይችላል። ሐኪሙ ወረቀት ይሞላል። ሕጉ የሚጠብቀው ለሕክምና የቀረበትን ቀን ነው፤ ጠጥቶ የቀረበትን አይጠብቅም። ለእህት ደግሞ አይሠራም፣ ለወላጅ፣ ለልጅና ለትዳር ጓደኛ ነው። ስለዚህ እኔ ወደ ሌሊት ሺፍት ዞርኩ። ኢንሹራንሱም ቀናት እየቆጠረ ነበር የሚፈቅደው፤ ማዕከሉ እየደወለ ያስረዝም ነበር። ከየት እንደምትጀምሩ ካላወቃችሁ የፌዴራሉ የነፃ መስመር 1-800-662-4357 ሃያ አራት ሰዓት ይሠራል። በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው፤ ቋንቋ የሚችል ሰው አጠገባችሁ ይሁን። ያ ሰው የተባለውን እንዳለ ይተርጉም።

ከስምንት ሳምንት በኋላ ወደ አይኦፒ ወረደ፤ በሳምንት ሦስት ማታ፣ ሦስት ሦስት ሰዓት። ወደ ሥራም ተመለሰ። ያቺ ባቡር መጣች ማለት ነው። ግሩፕ ውስጥ ስለ ታኮማ ነግሯቸው ኖሮ አብረው ያወጡት ዕቅድ ነበር። ከሥራ ሲወጣ ይደውልልኛል። ስለ ምንም እናወራለን፤ ስለ ወጥ፣ ስለ እማዬ ጉልበት። እኔ ለሌሊቱ ሥራ ዩኒፎርሜን እየለበስኩ ነው የምሰማው። ታኮማ ሲደርሱ ሁለታችንም ዝም እንላለን። በሩ ሲከፈት ይሰማኛል። ሰው ሲወርድ ይሰማኛል። ከዚያ ያቺ የበር ደወል።

«ተዘጋ እታለም» ይለኛል። «ሽሮውን ጣጂው።»