የጭቃው ዕድሜ

ዛሬ ረፋዱ ላይ ከሐዋሳ ሐይቅ ወለል ያወጣነውን ደለል በረጅም ቱቦ ይዤ አሞራ ገደል፣ የዓሣ ገበያው ዳር፣ እንደወረድኩ፣ ጀልባውን የቀዘፉልን አባት የዓሣ ቅርፊት የተለጠፈበትን አውራ ጣታቸውን ቱቦው ላይ አሳርፈው፣ «የኔ ልጅ፣ እኔ የተወለድኩበት ዓመት የቱ ጋ ነው?» አሉኝ። በ1953 ዓ.ም. ነው የተወለዱት።

ከአፈር የሚወጣው የሬዶን ጋዝ አየር ላይ ፈርሶ ሊድ-210 የተባለውን ጨረር አመንጪ እርሳስ ይፈጥራል፤ ይህም በዝናብና በአቧራ ሐይቁ ውስጥ ወርዶ ከደለሉ ጋር ይቀበራል። በየ22 ዓመቱ ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ወደ ታች በተወረደ ቁጥር እየሳሳ የሚሄደው መጠኑ የንብርብሩን ዕድሜ ይናገራል። ችግሩ፣ ደለሉ ውስጥ ያለው ራዲየም የተባለ ንጥረ ነገርም ሬዶን እየለቀቀ ይህንኑ ሊድ የሚያመነጭ በመሆኑ፣ ከእርሱ የመጣውን ለይቶ ለመቀነስ ናሙናው ደርቆና ተፈጭቶ፣ ጋዙ እንዳያመልጥ በጥብቅ ታሽጎ ሦስት ሳምንት ያህል መቀመጥ አለበት። (ትዕግሥት የሌለው ሰው ይህን ሥራ ባይጀምረው ይሻላል።)

የእርሳቸው ዓመት ሌላም ምልክት አጠገቡ አለው፤ በአየር ላይ የተደረጉት የኒውክሌር ሙከራዎች የበተኑት ሲዚየም-137 የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ወደ ምድር መውረዱ የበረታው በ1955 ዓ.ም. አካባቢ ነበር። ወደ ምድር ወገብ የደረሰው ግን ጥቂት ስለሆነ፣ የሲዚየሙ የጋማ ጨረር መለያ የሆነችውን የ662 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ጫፍ ለማየት አንድ ናሙና የጨረር መቁጠሪያው ላይ ከቀን በላይ ሊቆይ ይችላል።

«ከወር በኋላ እነግርዎታለሁ» አልኳቸው። ጣታቸውን ሲያነሱ ቅርፊቷ ቱቦው ላይ ቀረች፤ ሳልጠርጋት መኪና ውስጥ አስገባሁት።