የተወሰደ ጎማ እንዴት ይሳላል? (ሦስተኛ ሙከራ)

ባለፈው ያሳየኋችሁን የውሃ ቀለም አይታችሁ «የሳይክሉን የፊት ጎማ ረስተሻል» ያላችሁኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ጎማው የለም። እኔ ግን የተወሰደ ሳይሆን ያልተሳለ አስመሰልኩት።

ነገሩ የፈረንሳዩ የብስክሌት ውድድር የቱር ደ ፍራንስ ነው፣ በፈረንጆች 1934። የአጠቃላይ መሪውን ቢጫ ማሊያ የለበሰው አንቶናን ማኝ ፒሬኔ ተራሮች ላይ ቁልቁል ሲወርድ የፊት ጎማው ተሰበረ። መለዋወጫ የጫነው መኪና ገና ከኋላ ነው። የቡድን ጓደኛው ሬኔ ቪየቶ፣ የ20 ዓመት ልጅ፣ የራሱን የፊት ጎማ ነቅሎ ሰጠውና የድንጋይ አጥር ላይ ተቀምጦ መኪና ሲጠብቅ ፎቶ ተነሳ። በማግስቱም የማኝ ሳይክል ተበላሸ፤ ከፊት የነበረው ቪየቶ የወረደውን መንገድ ሽቅብ ተመልሶ ሳይክሉን እንዳለ ሰጠው። ማኝ አሸነፈ። ቪየቶ 5ኛ ወጣ፤ ቱሩን ዕድሜውን ሙሉ አላሸነፈም።

እኔ ይህን ስፖርት ማየት የጀመርኩት ፅጋቡ ግርማይ በፈረንጆች 2016 ቱሩን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ነው። ዛሬ መኪናው በቅርብ ይከተላል፤ ረዳት ብስክሌተኞቹም ወደ ኋላ ቀርተው የውሃ ኮዳ ማሊያቸው ውስጥ እየጎሰጎሱ ለጓደኞቻቸው ያደርሳሉ።

ወደ ሥዕሉ ልመለስ። በመጀመሪያው ሙከራ ማኝን መታጠፊያው ላይ የጥፍር ያህል አድርጌ በቢጫ ጠብ አደረግኩት። ያቺ ጠብታ በግራጫው ድንጋይ መሀል ዓይን ሁሉ ይዛ ሄደች፤ ቪየቶን የሚያየው ጠፋ። (ሕይወቱም እንደዚያው ነበር ብትሉኝ አልከራከርም።) ማኝን ከሥዕሉ አወጣሁት።

ያስቸገረኝ ጎማውን የሚይዘው ሹካ ነው። አየር ላይ ቀጥ ብሎ ሲቆም ጅምር ንድፍ ይመስላል። መላው ክብደት ሆነ፦ ጎማ ከሌለ ሳይክሉ በአፍጢሙ ይደፋል፣ የሹካው ጫፍ አፈር ይነካል፣ ኮርቻው ከኋላ ቀና ይላል። ከጫፉ ሥር ወረቀቱ ሳይደርቅ ቡናማ ነካ ሳደርግበት ቀለሙ ሰፍቶ ጥላ ሆነ። ያኔ ጎማው በእርግጥ ሄደ።

የቪየቶ ፊት ግን አሁንም አልሆነልኝም። አፉን ወደ ታች ሳደርገው ከረሜላ የተነጠቀ ሕፃን፣ ቀጥ ሳደርገው ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ይሆንብኛል። አፍ የምትስሉበት ዘዴ ካላችሁ ንገሩኝ፤ ላጲሴ እያለቀ ነው።