ፓምፑ ስለመታ ገፍቷል ማለት አይደለም፦ የሦስተኛ ሳምንት ማስታወሻ

እንደምን ሰነበታችሁ። ምናለሽ ተራ ያገኘሁት በጋዝ የሚሠራ የኬሚካል ፓምፕ በመጨረሻ ተነሥቷል። ያሰርኩት ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ ጓደኛዬ ጎሚስታ ቤት ጥግ ላይ ነው። ኮምፕሬሰሩ እዚያ አለልኝ።

ለአዲሶች ባጭሩ፦ ፓምፑ መብራት ለማይደርስባቸው የነዳጅና የጋዝ ጉድጓዶች የተሠራ ነው። በራሱ በጉድጓዱ ጋዝ ግፊት እየተነዳ ዝገት መከላከያ ወይም ሜታኖል በጥቂት በጥቂቱ ወደ ቧንቧው ያስገባል። ሜታኖሉ የሚገባው ጋዝና ውሃ ተያይዘው እንደ በረዶ በመጠጠር ቧንቧውን እንዳይዘጉት ነው። እኔ ኦጋዴን ውስጥ ስላለው የካሉብ ጋዝ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ይህን ሙያ በእጄ ማወቅ የፈለግኩትም ለዚያ ነው።

የሚሠራበት መንገድ ያስደንቀኛል። ሰፊ ዲያፍራም (በአየር ግፊት የሚለጠጥ ስስ ሽፋን) ቀጭን ዘንግ ይገፋል፣ ሌላ ምስጢር የለውም። የእኔው ዲያፍራም ወርዱ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ዘንጉ 1 ሴንቲ ሜትር ነው። ወርዳቸው 10 እጥፍ ሲለያይ ስፋታቸው 100 እጥፍ ይለያያል። ስለዚህ 2 ባር አየር፣ ማለትም የቤት መኪና ጎማ ከሚይዘው የማይበልጥ፣ በስሌት እስከ 200 ባር ሊገፋ ይችላል። እባካችሁ መውጫው ላይ ግፊት ሲበዛ የሚያስተነፍስ ቫልቭ ሳትገጥሙ አታስነሡት። መውጫውንም ዘግታችሁ አታሠሩት።

እኔ የምለማመደው በአየርና በውሃ ነው። በእውነተኛ ጋዝ ሲሠራ በእያንዳንዱ ምት ጋዙ ወደ ውጭ ይተነፍሳል። ቤት ውስጥ ፈጽሞ አይሞከርም።

አሁን ወደ ችግሬ። የመጀመሪያ ቀን ፓምፑ ትክ ትክ ይላል፣ ውሃ ግን የለም። አየሩን ጨመርኩ፣ ያው ነው። ጄሪካኑን መሬት ላይ፣ ፓምፑን ጠረጴዛ ላይ ነበር ያደረግኩት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ውሃን ከታች ወደ ፓምፕ የሚያወጣው ደግሞ ይኸው አየር ነው። ጄሪካኑን መደርደሪያ ላይ ሰቀልኩት፣ ማስተንፈሻዋን ብሎን በካቻቢቴ ፈታ አደረግኩ። አረፋው ወጥቶ ወጥቶ ሲያልቅ ውሃው መጣ። በደስታ ጮህኩ።

ቀጥሎ ልኬት። ዘንጉ በአንድ ምት የሚሄደው 2.5 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ በስሌት አንድ ምት ወደ 2 ሚሊ ሊትር ይገፋል። በደቂቃ 10 ምት ላይ አደረግኩትና የጄሪካኑን ቧንቧ ዘግቼ ፓምፑ ከመለኪያ ብርጭቆ ብቻ እንዲስብ አደረግኩ። 50 ሚሊ ሊትር ለመጨረስ 3 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ፈጀ። ከስሌቱ 80 በመቶ ብቻ ነው! የመሳቢያውን ቼክ ቫልቭ (ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ በኳስ የሚዘጋውን) በቺያቬ ስፈታው ኳሷ ሥር የአሸዋ ቅንጣት ተገኘች። አጥቤ መለስኩት። አሁን 2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ፤ በቀን 27 ሊትር ይሆናል። ምት ብቻ ብቆጥር ኖሮ በየቀኑ ከ4 ሊትር በላይ ይጎድል ነበር። ጉድጓድ ላይ ቢሆን ደግሞ ማንም ሳያውቅ ቧንቧው ይበላል። ስለዚህ ጆሯችሁን ሳይሆን ብርጭቆውን እመኑ።

ኮምፕሬሰሩን በየጠዋቱ ውሃውን አፍስሱለት፣ በተለይ በክረምት። እርጥብ አየር ሬጉሌተሩን፣ ማለትም የአየር ግፊት መቆጣጠሪያውን፣ ያበላሸዋል።

አንድ ስሕተቴን ልንገራችሁ። በዘንጉ ዙሪያ ትንሽ ሲያንጠባጥብ ፓኪንጉን (የዘንጉን ዙሪያ የሚያሽገውን) በቺያቬ ጠበቅ አደረግኩት። ዘንጉ ጋለ፣ ፓኪንጉም ተበላ። በእጅ ብቻ ነበር መጥበቅ የነበረበት፣ ያውም ማንጠባጠቡ እስኪቆም ድረስ ብቻ።

ቅዳሜ መውጫውን ጠበብ አድርጌ በ20 ባር ላይ ልኬቱን እደግማለሁ። ለ1 ሴንቲ ሜትር ዘንግ የሚሆን የቴፍሎን ፓኪንግ መርካቶ ውስጥ የት እንደሚገኝ የምታውቁ ካላችሁ፣ ከዚያ በፊት ጠቁሙኝ።