ዳታ የማይፈልግ መመሪያ

ሰሞኑን ማታ ማታ ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ እየተማርኩ ነው። ቀን የምውለው ዓሣ የሚያስረክቡን ሰዎች መዝገብ ላይ ነው፤ ማን ስንት ኪሎ ቆረሶ አመጣ፣ ማን ስንት ኪሎ አምባዛ፣ ስንት ተከፈለው፣ ስንት ቀረው። ወር በመጣ ቁጥር ይህን ሁሉ በካልኩሌተር ስደምር ከማመሽ ኮምፒውተሩ ይደምርልኝ ብዬ ነው የጀመርኩት።

ባሕር ዳር ተቀምጦ ለሚማር ሰው ዋናው ጥያቄ የትኛው ቲዩቶሪያል ይሻላል የሚለው አይመስለኝም። ዳታው ሲጠፋ እጄ ላይ ምን ይቀራል የሚለው ነው። ቪዲዮ እያዩ መማር ደስ ይላል፤ ግን መሃል ላይ ቀጥ ሲል የያዙት ሐሳብም አብሮ ይበተናል። ስለዚህ ላፕቶፔ ላይ የሚቀመጥ መመሪያ መፈለግ ጀመርኩ፤ ያገኘሁትም ከጠበቅሁት በላይ ሆነ።

የፓይተን ዋናው መመሪያ ሙሉው በነጻ ይወርዳል። አንዴ ከወረደ በኋላ ኢንተርኔት አይጠይቅም። የእኔን በፍላሽ ያመጣልኝ ፖሊ የሚማር የጎረቤቴ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ መጀመሪያ የመግቢያ ትምህርቱን ብቻ ያንብቡ። የላይብረሪው ክፍል ሲቸግርዎት የሚከፈት ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ያን ወፍራም ክፍል ከዳር እስከ ዳር ላንብብ የሚል ሰው መንገድ ላይ ይቀራል።

ከዚያም የሚቀርበው ግን ከፓይተኑ ጋር አብሮ የሚመጣው ነው። «ሄልፕ» ብሎ በቅንፍ ውስጥ የሚፈልጉትን ስም መስጠት ነው፤ ማብራሪያው እዚያው ይወጣል። «ዲር» ደግሞ አንድ ነገር ምን ምን መሥራት እንደሚችል በስም ይዘረዝራል። ፓይዶክ የሚባለው ያንኑ ማብራሪያ በብራውዘር ይከፍተዋል፣ ያለ ኢንተርኔት። ጽሑፉ ደረቅ ነው፣ ምሳሌም ይቆጥባል፣ እንግሊዝኛውም ያደክማል። ቢሆንም የምሠራበትን ነገር ሳልለቅ መልስ ስለሚሰጠኝ ከሁሉም አብልጬ የምወደው እሱን ነው።

ኮዱ የሚጻፍበትን ፕሮግራም፣ ኤዲተርን፣ በተመለከተ ብዙ አልተንከራተትኩም። ፓይተን የትኛው መስመር በየትኛው ሥር እንደሆነ የሚያውቀው ከመስመሩ መግቢያ ባለው ክፍተት ስለሆነ ኖትፓድ ያስቸግራል። አይድል ከፓይተኑ ጋር ይመጣል፤ ለመጀመር ይበቃል። እኔ የያዝኩት ቶኒን ነው። ኢስቶኒያ ውስጥ፣ ታርቱ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ነው፤ ጀማሪን አስቦ ስለተሠራ የራሱን ፓይተን ይዞ ይጫናል። ኮዱን መስመር በመስመር እያስኬደ በየደረጃው የትኛው ስም ምን ዋጋ እንደያዘ በጎን ያሳያል። ሒሳቡ የት ላይ እንደተጣመመ በዓይን ይታያል ማለት ነው፤ ለብቻው ለሚማር ሰው ይህ አስተማሪ አጠገብ እንደማስቀመጥ ነው። ቪኤስ ኮድን ብዙዎች ያመሰግኑታል፤ ለእኔ አሮጌ ላፕቶፕ ግን ይከብዳል።

በጣም ያስደሰተኝን ልጻፍ። በ2008 እንደ ፈረንጆቹ ከወጣው ፓይተን 3 ጀምሮ ስሞችን በራሳችን ፊደል መስጠት ይቻላል። ይህን ጻፍኩ፤

ክፍያ = ኪሎ * ዋጋ

ሠራ! ቁልፍ ቃላቱ እንግሊዝኛ ቢሆኑም ሒሳቤን በራሴ ቋንቋ ማንበብ ቻልኩ። ኮድ ለሌላ ሰው እንጂ ለእኔ የተሠራ አይደለም የሚል ስሜት የነበረው ሰው ይህን አንድ መስመር ይሞክር።

ፋይል ሲከፈት ግን ዊንዶውስ ላይ ኢንኮዲንጉ፣ ማለትም ፊደሉ ፋይል ውስጥ የሚቀመጥበት ስልት፣ ዩቲኤፍ 8 መሆኑን መንገር ያስፈልጋል፤ ካልተነገረው እኔ ጋ ያለው ፓይተን አማርኛውን ያበላሸዋል። ይህንንም ያገኘሁት ከወረደው መመሪያ ነው።

አሁን የያዘኝ የስሞቹ ጉዳይ ነው። መዝገቡን የምንጽፈው ሦስት ሰዎች ነን፤ አንዱ «ኃይሉ» ይላል፣ አንዱ «ሀይሉ»፣ አንዱ «ሐይሉ»። ለእኛ አንድ ሰው ነው። ለኮምፒውተሩ ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው፤ ሀ 4608 ነው፣ ኃ ደግሞ 4739፤ ስለዚህ የአንዱን ሰው ዓሣ ለሦስት ከፍሎ ይደምረዋል። የሰው ገንዘብ ነውና ይህ ቀልድ አይደለም። «ሄልፕ»ን ስጠይቅ «ሜክትራንስ» የሚባል አገኘሁ፤ ሁለት ረድፍ ፊደል ይሰጠዋል፣ የመጀመሪያውን ረድፍ በሁለተኛው ለመተካት ሠንጠረዥ ያዘጋጃል። ረድፎቹ ርዝመታቸው እኩል ይሁን ይላል ማብራሪያው። ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃን ወደ ሀ አምጥቻለሁ፤ ሠንም እንዲሁ ወደ ሰ። የመዝገቡን ስም እንዳለ ትቼ ለመደመሪያ ብቻ ሌላ ቅጂ ነው የማስተካክለው፤ ማንም ስሙ እንዲቀየርበት አልፈልግም።

ዐ እና ፀ ከነዘሮቻቸው ቀርተውኛል። ነገ ማታ እነሱን ጨርሼ የባለፈውን ወር ድምር በእጅ ከሠራሁት ጋር አመሳክራለሁ።