ሜ አሴ ኢሉሲዮን

«ኢሉሲዮን» ሲባል እንግሊዝኛ ለሚያውቅ ሰው ቶሎ የሚመጣለት የዓይን ማታለያ ነው። ስፓኒሽም ይህን ትርጉም አልተወውም፤ አስማት የሚያሳየውን ሰውዬ «ኢሉሲዮኒስታ» ይሉታል። ማድሪድ ውስጥ ግን ቃሉን ቀኑን ሙሉ ብትሰሙት አንዴም ስለ አስማት ላይሆን ይችላል። ነገሩ ገና ሳይደርስ ቀድሞ የሚደርሰው ደስታ ነው። እኛ «ልቤ ቆሟል» የምንለው ዓይነት።

እኔ ደግሞ አነጋገሩን ወደድኩት። «ሜ አሴ ኢሉሲዮን» ይላሉ፤ «ነገሩ ያጓጓኛል» እንደማለት ነው። የሚያጓጓው ነገር ባለቤት ይሆናል፣ ሰውየው ተቀባይ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች እዚህ ጋ ይደናገራሉ፤ «እኔ» ብለው ካልጀመሩ አይሆንላቸውም። ለእኛ ምን ችግር አለው? «ደስ ይለኛል»፣ «አማረኝ»፣ «ራበኝ» እያልን አይደል ያደግነው!

ቃሉ ወደ ብዙ ቁጥር ሲዞር ግን ይከዳል። «ኖ ቴ አጋስ ኢሉሲዮኔስ» ማለት «በከንቱ ተስፋ አታድርግ» ነው። «ኢሉሶ» የሚባለውም በሆነ ባልሆነው ተስፋ የሚያደርግ የዋህ ነው። ቃሉ የመጣው ማሾፍ የሚል ፍቺ ካለው የላቲን ግስ ነው፤ ያ የጥንቱ ሹፈት ዛሬም ሙሉ በሙሉ አለቀቀውም። ስፔናዊው ፈላስፋ ኹልያን ማሪያስ ደጉ ትርጉም ከሮማንቲሲዝም ዘመን ወዲህ በስፓኒሽ ብቻ የበቀለ ነው ባይ ነበር።

የምንከባከባቸው ሴትዮ ሁለቱንም በአንድ እሑድ አሳዩኝ። የልጅ ልጃቸው ለምሳ ሊመጣ ነው። ከጠዋት ጀምሮ «ኬ ኢሉሲዮን!» እያሉ ከኩሽና ሳሎን ይመላለሳሉ። ጥሩውን የጠረጴዛ ልብስ አስወጡኝ። ክሮኬታ የሚባለውን በዘይት የሚጠበስ ድብልብል ምግብ እኔ ካልጠበስኩት አሉ፤ ቆመው መዋል እንደማይችሉ እያወቁ። «በእርግጥ ይመጣል?» ብላቸው «ኖ ሜ አጎ ኢሉሲዮኔስ፣ ሥራ ይበዛበታል» አሉኝ። ይህን የሚሉት ሦስተኛውን ሳህን እያስቀመጡ ነው። ልጁ መጣ፤ ዘግይቶ። ክሮኬታው ቀዝቅዟል፤ እሳቸው ግን «አሁን ነው የጠበስኩት» አሉት።

የአገሩ ሁሉ ኢሉሲዮን አደባባይ የሚወጣው ዲሴምበር 22 ቀን ነው፤ የገና ሎተሪ። በ1812 ካዲስ በምትባል የስፔን ከተማ የተጀመረ ነው። የሳን ኢልዴፎንሶ ትምህርት ቤት ልጆች ቁጥሩን በዜማ ይጠሩታል፣ ሰው ሥራውን ትቶ ያዳምጣል። ዴሲሞ የሚሏት ቲኬት 20 ዩሮ ናት፤ አንደኛው ዕጣ ከወጣላት ግብር ሳይቆረጥ 400,000 ዩሮ። ቁጥሮቹ 100,000 ስለሆኑ ዕድሉ ከመቶ ሺህ አንድ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ግን ባልደረባ ሁሉ አብሮ የሚገዛው የመሥሪያ ቤቱ ቁጥር አለ፣ የሰፈሩ ቡና ቤት ቁጥር አለ። ባይወጣ ባይወጣ፣ ወጥቶ ባልደረባው ሁሉ ሲጨፍር ብቻውን ጥግ ይዞ መቅረትን ማን ይፈልጋል? እንዲህ ያለው ኢሉሲዮን በእኔ ግምት ግማሹ ቅናት ነው። ቀሪው ግማሽ እስከ ዕጣው ቀን ድረስ በሐሳብ ቤት መግዛት፣ ዕዳ መክፈልና አለቃን መሰናበት ነው። 20 ዩሮ ለዚያ ብዙ አይደለም።

እኔ የምወደው ጃንዋሪ 5 ማታን ነው። ሦስቱ ነገሥታት፣ እኛ ሰብአ ሰገል የምንላቸው፣ ስጦታ ያመጣሉ ተብሎ ልጆች ጫማቸውን ያስቀምጣሉ፣ ለግመሎቹም ውሃ። «የኢሉሲዮን ሌሊት» ይሉታል። በማግስቱ እነሱ ስጦታቸውን ሲከፍቱ የእኛ የገና ዋዜማ ነው፤ እኔ ዶሮ እበልታለሁ፣ ሽንኩርቴን አቁላላለሁ። አምና ሽታው አሳንሰሩ ድረስ ሄዶ ኖሮ ጎረቤቴ በሬን አንኳኳች። «ነገ የእኛ ገና ነው፣ ሜ አሴ ሙቻ ኢሉሲዮን» አልኳት። ድስቱን አየት አደረገችና «ለስንት ሰው ነው?» አለችኝ።