ፒኤንጂ ትቼ ወደ ኬቲኤክስ 2 የዞርኩበት ታሪክ

ለአንድሮይድ የምሰራት ትንሽ 3ዲ ጌም አለች፣ ላፕቶፔ ላይ ምንም አትልም፣ የእህቴ ስልክ ላይ ግን (ራሙ 2 ጊጋ ነው) ገና ሎድ እያደረገች ትዘጋለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ኮዴን ሳገላብጥ ከረምኩ፣ ምስሎቹን አልጠረጠርኳቸውም፣ ምክንያቱም ሁሉም ፒኤንጂ ናቸው፣ ከ3 ሜጋ የሚበልጥም የለም።

ነገሩ የገባኝ ቁጭ ብዬ ሳሰላው ነው። ፒኤንጂ ትንሽ የሚሆነው ፋይል እያለ ብቻ ነው እኮ፣ ጂፒዩ (ምስሉን ስክሪን ላይ የሚስለው ቺፕ) ፒኤንጂን እንዳለ አንብቦ መጠቀም ስለማይችል ሜሞሪ ላይ የሚቀመጠው ተፈትቶ ነው፣ 2048 በ2048 የሆነ ምስል በፒክስል 4 ባይት ሲመታ 16 ሜጋ፣ ሚፕማፕ (ከርቀት ለሚታይ የሚሆኑት የምስሉ ትንንሽ ቅጂዎች) ሲጨመርበት ደግሞ 21 ሜጋ ያልፋል፣ እኔ ደሞ እንደዛ ያለ 30 ምስል ነበረኝ፣ ወደ 640 ሜጋ በሉት!

መጀመሪያ ዲዲኤስ የሚባለውን የምስል ፋይል አየሁ፣ ውስጡ የሚቀመጡት እነ ቢሲ7 (ጂፒዩ ሳይፈታቸው የሚያነባቸው የታመቁ ፎርማቶች) ለፒሲ ቆንጆ ናቸው፣ ስልክ ላይ ግን ሌሎቹ የዚህ ዓይነት ፎርማቶች፣ ኢቲሲ2 ወይ ኤኤስቲሲ ናቸው የሚፈለጉት። ኬቲኤክስ 2ን (ይሄም ለጂፒዩ የሚሆን የምስል ፋይል ነው) የወደድኩት ለዚ ነው፣ ቤዚስ በሚባለው ዘዴ የታመቀው አንድ ፋይል ሎድ ሲደረግ ስልኩ ወደሚያውቀው ፎርማት ይቀየራል። ኬቲኤክስን የሚያወጣውን የክሮኖስን ቱል አወረድኩና ሁሉንም በኢቲሲ1ኤስ (አንዱ የቤዚስ ዓይነት ነው) አመቅኩት፣ ፋይሎቹ በጣም አነሱ፣ ጌሟም ተከፈተች፣ ግን መብራት ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ጥላው ትንንሽ ካሬ እየሆነ ይሰባበራል።

ጥፋቱ የኔ ነበር። ኢቲሲ1ኤስ በ4 በ4 ብሎክ አንድ ቀለም ይይዝና ድምቀቱን ብቻ ነው ከፍ ዝቅ የሚያደርገው፣ ኖርማል ማፕ (መብራት ሲያርፍበት ግድግዳው ጎርበጥ ያለ እንዲመስል የሚያደርገው ምስል) ደግሞ ቀለም ሳይሆን አቅጣጫ ነው፣ ቀዩና አረንጓዴው ለየብቻ ነው የሚሄዱት። በዛ ላይ ኤስአርጂቢ (ለቀለም ምስል የሚሆነው) ብዬ መዝግቤያቸዋለሁ፣ ሊኒየር (ቁጥሩ እንዳለ የሚነበብ) መሆን ነበረባቸው። ስለዚ 10ሩን ኖርማል ማፕ ወደ ዩኤኤስቲሲ (ጥራቱ ከፍ ያለው ሌላው የቤዚስ ዓይነት) አዞርኳቸው፣ እነሱ ፋይላቸው ከፒኤንጂው ብዙም አላነሰም፣ ግድግዳው ግን ጥርት አለ። የቀሩት 20ዎቹ ግልጽነት ስለሌላቸው በኢቲሲ1ኤስ ቆዩ፣ ሜሞሪ ላይ ድምሩ 107 ሜጋ አካባቢ ሆነ።

አንድ የሚቆጨኝ የአምስት ምስል ኦሪጅናል ማጥፋቴ ነው፣ ከታመቀው ፈትቼ መልሼ ሳምቀው ጥራቱ ከነበረው ወረደ፣ አምስቱንም ከዜሮ እንደገና ስያለሁ። እናንተ ፒኤንጂዎቹን በሌላ ፎልደር አስቀምጧቸው። እህቴ አሁን የጌሟ ሦስተኛ ክፍል ላይ ደርሳለች።